ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰርን በአርዱዪኖ ማንበብ፦ ከሽቦ ማገናኘት እስከ ማመሳከር

የጫጩት ማስፈልፈያ ሣጥን የሚሠሩ፣ የዘር ድንች የሚያከማቹ ወይም የመመረቂያ ፕሮጀክታቸው ቀን የደረሰባቸው ሰዎች ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስና ከእንጅባራ የሚያቀርቡልኝ ጥያቄ ዘወትር ከሁለቱ አንዱ ነው። አንደኛው «ሴንሰሩን አገናኝቼ ፕሮግራሙን ጫንሁ፤ ነገር ግን የሚያሳየኝ -127 ነው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «የፈላ ውኃ ውስጥ ብከተው 94 አለኝ፤ ተበላሽቶ ይሆን?» የሚል ነው። የመጀመሪያው ችግር ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ የሚገኘው በሽቦው ወይም በአንዲት ሬዚስተር ላይ ነው፤ ሰዎች ግን ፕሮግራሙን ደጋግመው በመጫን ቀኑን ያሳልፋሉ። ሁለተኛው ደግሞ ችግር አይደለም፤ ምክንያቱን በ8ኛው ደረጃ ያገኙታል።

መመሪያው የሚመለከተው ንባቡን ብቻ ነው። ማሞቂያ ወይም አምፖል በሴንሰሩ ትእዛዝ ማብራትና ማጥፋት የ220 ቮልት ሥራ ስለሆነ እዚህ አልገባሁበትም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- አንድ አርዱዪኖ ኡኖ ቦርድ (ከኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ወይም በእርሱ አምሳል የተሠራ ሌላ ቦርድ።
- አንድ ዲኤስ18ቢ20 (DS18B20) ሴንሰር። በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንዱ ትራንዚስተር የሚመስል ባለሦስት እግር ጥቁር ቁራጭ ሲሆን፣ ሌላው ያው ቁራጭ በብረት ቱቦ ውስጥ ታሽጎ ረዘም ያለ ሽቦ የወጣለት ነው። እርጥበት ባለበት ቦታ የሚሠሩ ከሆነ ሁለተኛውን ይግዙ።
- አንድ የ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር። ባለአራት ቀለበት ከሆነ ቀለሞቹ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ፣ ከዚያም ብዙ ጊዜ ወርቃማ ናቸው።
- ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበት ባለቀዳዳ ሰሌዳ) እና አምስት ያህል ጃምፐር (አጫጭር ማገናኛ) ሽቦዎች።
- ዳታ የሚያስተላልፍ የዩኤስቢ ኬብል። አንዳንድ ርካሽ ኬብሎች ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ናቸው።
- ቴስተር (ቮልትና ኦም መለኪያ)።
- ላይብረሪ (ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ዝግጁ ኮድ) ለማውረድ ለአጭር ጊዜም ቢሆን ኢንተርኔት የሚያገኝ ኮምፒውተር።
- ለማመሳከሪያ፦ የተፈጨ በረዶ፣ ፔርሙዝና በፋርማሲ የሚሸጥ ዲጂታል የሰውነት ሙቀት መለኪያ።

ሴንሰሩን ሲገዙ በጠፍጣፋ ፊቱ ላይ የተጻፈውን በደንብ ያንብቡ። ኤልኤም35 የተባለው ሴንሰርና ብዙ ተራ ትራንዚስተሮች መልካቸው ከዚህ ጋር ፍጹም አንድ ነው፤ ኤልኤም35 ግን ሙቀቱን በቮልት መጠን እንጂ በዲጂታል መልእክት ስለማይናገር በዚህ መመሪያ አይነበብም። ሴንሰሩ በትንሽ ሰሌዳ ላይ ተበይዶ የተሸጠልዎ ከሆነ ደግሞ ሬዚስተሩ ብዙ ጊዜ አብሮት ስላለ፣ ሌላ ከመጨመርዎ በፊት ሰሌዳውን ይመርምሩ።

ማስጠንቀቂያ

ሴንሰሩን ገልብጠው ካገናኙት በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ጣት እስኪያቃጥል ድረስ ይግላል። ኃይል በሰጡ ቁጥር በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ጣትዎን ወደ ሴንሰሩ አቅርበው ሙቀት እንዳለው ይፈትሹ እንጂ አጥብቀው አይያዙት፤ ከጋለ ወዲያውኑ የዩኤስቢ ኬብሉን ይንቀሉ። ቶሎ የተነቀለ ሴንሰር ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

ከኡኖ ይልቅ ኢኤስፒ32 የተባለውን ሌላ ቦርድ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ የሴንሰሩንም የሬዚስተሩንም ኃይል ከ3.3 ቮልት ይውሰዱ። ሴንሰሩ ከ3 እስከ 5.5 ቮልት ባለው ሁሉ ስለሚሠራ አይጎዳም፤ የዚያን ቦርድ ፒን ግን 5 ቮልት ሊጎዳው ይችላል።

ሴንሰሩ ራሱ ከዜሮ በታች 55 እስከ 125 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይለካል ቢባልም፣ በብረት ቱቦ የታሸገው ዓይነት ሽቦው ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ የተሸፈነ ስለሆነ ያን ያህል ሙቀት አይችልም። ስለዚህ ምድጃ ውስጥ ወይም ምጣድ ላይ አያስቀምጡት።

አሠራር

1. የሴንሰሩን እግሮች ይለዩ። ባለሦስት እግሩን ጠፍጣፋ ፊቱ ወደ እርስዎ፣ እግሮቹም ወደ ታች እንዲሆኑ አድርገው ሲይዙት፣ በግራዎ ያለው ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር)፣ መካከለኛው ዳታ፣ በቀኝዎ ያለው ደግሞ የኃይል እግር ነው። በቱቦ የታሸገው ብዙውን ጊዜ ጥቁር ሽቦው ግራውንድ፣ ቢጫው ዳታ፣ ቀዩ ኃይል ነው፤ ሆኖም የሽቦው ቀለም ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ሻጩን መጠየቅ አይከፋም። ይህን ደረጃ በጥድፊያ የሚያልፍ ሰው ነው ከላይ የተጠቀሰውን የመጋል አደጋ የሚያመጣው፤ ሴንሰሩን ከጀርባው ሲያዩት ግራና ቀኝ ይገለበጣልና።

2. ሬዚስተሩን ከመሰካትዎ በፊት በቴስተር ይለኩ። ከ4.5 እስከ 4.9 ኪሎ ኦም ባለው መካከል ካሳየ ትክክለኛው ነው። ይህን የምልበት ምክንያት በደብዛዛ መብራት ቀይና ቡናማ ቀለበት ስለሚምታታ ነው፤ ሦስተኛው ቀለበት ቡናማ ከሆነ የያዙት 470 ኦም ነው። በ470 ኦም ውስጥ ከ10 ሚሊ አምፒር በላይ ስለሚያልፍ፣ 4 ሚሊ አምፒር ያህል ብቻ ለመሳብ የተሠራው ሴንሰር መስመሩን በበቂ ሁኔታ ወደ ታች መጎተት ያቅተዋል፤ ቦርዱም ሴንሰር እንደሌለ ይቆጥራል። ሦስተኛው ቀለበት ብርቱካናማ ከሆነ ደግሞ 47 ኪሎ ኦም ነው፤ ይህ በተቃራኒው ስለሚደክም ሽቦው ረዘም ሲል ንባቡ ይቆራረጣል።

3. የዩኤስቢ ኬብሉ እንደተነቀለ ሦስት ነገሮችን ብቻ ያገናኙ። የሴንሰሩን ግራውንድ ከቦርዱ ግራውንድ፣ የኃይሉን እግር ከ5 ቮልት፣ ሬዚስተሩን ደግሞ አንድ ጫፉን ከዳታው፣ ሌላ ጫፉን ከ5 ቮልት ያያይዙ። ዳታውን ከቦርዱ ፒን ጋር ለጊዜው አያገናኙት።

ሬዚስተሯ ለምን እንደምታስፈልግ መረዳት የኋላውን ድካም ሁሉ ስለሚቀንስ ጥቂት ላብራራ። በዚህ ሴንሰር ቦርዱና ሴንሰሩ የሚነጋገሩት በአንዲት ሽቦ ነው፤ ሁለቱም ማድረግ የሚችሉት ሽቦዋን ወደ ዜሮ ቮልት መጎተት ወይም መልቀቅ ብቻ ነው። ሲለቋት ወደ 5 ቮልት የሚመልሳት ከሌለ ተንጠልጥላ ትቀራለች፤ ቦርዱም ዝምታውን ከንግግሩ መለየት አይችልም። በሩን ስንለቀው እንደሚመልሰው ሞላ ሁሉ፣ ሽቦዋን ወደ ላይ የምትመልሳት ይህች ሬዚስተር ናት። ንግግሩ የሚካሄደው በማይክሮ ሰከንድ ሒሳብ ነው፤ ቦርዱ መስመሩን ቢያንስ ለ480 ማይክሮ ሰከንድ ወደ ታች ይዞ ሲለቀው፣ ሴንሰሩ ከ15 እስከ 60 ማይክሮ ሰከንድ ቆይቶ «አለሁ» ለማለት እርሱ በተራው ይጎትተዋል። መስመሩ በፍጥነት ካልተመለሰ ይህ «አለሁ» አይሰማም። «በቦርዱ ውስጥ ያለው ፑል አፕ (መስመሩን ወደ ላይ የሚመልስ ሬዚስተር) አይበቃም ወይ?» ለሚሉኝም፣ የኡኖው የውስጥ ሬዚስተር ከ20 እስከ 50 ኪሎ ኦም ስለሆነ ለዚህ ሥራ አቅም ያንሰዋል፤ በአጭር ሽቦ አንዳንዴ ቢሠራም አይተማመኑበት።

4. በቴስተር ያረጋግጡ። የዩኤስቢ ኬብሉን ይሰኩ፤ ሴንሰሩ እንዳልጋለ ከፈተሹ በኋላ በግራውንድና በዳታው መካከል ያለውን ቮልት ይለኩ። ወደ 5 የሚጠጋ ቁጥር ካገኙ ሬዚስተሯ ሥራዋን እየሠራች ነው ማለት ነው። ዜሮ ወይም ከ5 በእጅጉ ያነሰ ካገኙ ሽቦዎች ተነካክተዋል፣ ሬዚስተሯ በብሬድቦርዱ የተሳሳተ መስመር ገብታለች፣ ወይም ሴንሰሩ ተገልብጧል። ይህች የአንድ ደቂቃ ልኬት የ-127ን ጥያቄ አብዛኛውን ታስቀራለች። ልኬቱ ትክክል ሲሆን ኬብሉን ነቅለው ዳታውን ከፒን 2 ጋር ያገናኙ። ፒን 0ንና ፒን 1ን ቦርዱ ከኮምፒውተሩ ጋር ስለሚነጋገርባቸው አይንኳቸው።

5. ላይብረሪዎቹን ይጫኑ። በአርዱዪኖ አይዲኢ (ፕሮግራም ወደ ቦርዱ በሚጫንበት ሶፍትዌር) የላይብረሪ ማኔጀሩን ከፍተው ዋን ዋየር (OneWire) እና ዳላስ ቴምፕሬቸር (DallasTemperature) የተባሉትን ይፈልጉ፤ ሁለቱም ስሞች በእንግሊዝኛ ያለ ክፍተት ይጻፋሉ። የመጀመሪያው የማይክሮ ሰከንዱን ንግግር ያካሂዳል፤ ሁለተኛው መልሱን ወደ ዲግሪ ይቀይራል፤ ስለዚህ አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ ያሉ ከሆነ ሁለቱንም በዚፕ ፋይል አውርደው በፍላሽ መውሰድና ከዚፕ መጫን ይችላሉ።

6. ፕሮግራሙን ይጫኑ። አዲስ መጻፍ አያስፈልግዎትም። ከፋይል ዝርዝር ኤግዛምፕልስ፣ ከዚያ ዳላስ ቴምፕሬቸር፣ ከዚያ ሲምፕል የተባለውን ምሳሌ ይክፈቱ። ምሳሌው ዳታውን ከፒን 2 ስለሚጠብቅ፣ ፒን 2ን የመረጥሁት ምንም ሳይቀይሩ እንዲሠራልዎ ነው። የቦርዱን ዓይነትና ፖርቱን መርጠው ይጫኑት። ፖርቱ በዝርዝሩ ካልታየ ኬብሉን ይቀይሩ፤ ያም ካልረዳ ርካሽ ቦርዶች ብዙዎቹ ሲኤች340 የተባለውን ቺፕ ስለሚጠቀሙ የእርሱን ድራይቨር ይጫኑ።

7. ንባቡን ይመልከቱ። ሲሪያል ሞኒተሩን (ቦርዱ የሚልከውን ጽሑፍ የሚያሳየውን የአይዲኢ መስኮት) ከፍተው ፍጥነቱን 9600 ላይ ያድርጉት፤ ፍጥነቱ ካልተስማማ የማይነበብ ዝብርቅርቅ ፊደል ይወጣል። የክፍልዎን ሙቀት የሚመስል ቁጥር ሲያገኙ ሴንሰሩን በሁለት ጣት ይያዙት፤ ቁጥሩ ቀስ እያለ መውጣት፣ ሲለቁትም መውረድ አለበት። በቱቦ የታሸገው ብረቱ እስኪሞቅ ስለሚዘገይ ጥቂት ይታገሡት። ቁጥሮቹ በየ0.06 ገደማ ሲዘሉ ያያሉ፤ ሴንሰሩ በፋብሪካ ቅንብሩ አንድን ዲግሪ ለ16 ከፍሎ ስለሚቆጥር ትንሿ እርምጃው 0.0625 ዲግሪ ናት። ለምሳሌ በውስጡ የቆጠረው 401 ከሆነ፣ ለ16 ሲካፈል 25.0625 ይሆናል። ይህን ያህል አጣርቶ ለመቁጠር እስከ 750 ሚሊ ሰከንድ ስለሚወስድበት በሰከንድ ከአንድ ጊዜ በላይ አዲስ ንባብ አይጠብቁ። ለማስፈልፈያም ሆነ ለመጋዘን ከበቂ በላይ ነው።

8. ቁጥሩን ያመሳክሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን 0.0625 የእርምጃው ትንሽነት እንጂ የትክክለኛነቱ ልክ አይደለም፤ ሴንሰሩ ከዜሮ በታች 10 እስከ 85 ዲግሪ ባለው ውስጥ ግማሽ ዲግሪ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊስት እንደሚችል አምራቹ ራሱ ይገልጻል። በስሙ የሚሸጡ አስመስለው የተሠሩ ደግሞ ከዚያም በላይ ሊስቱ ይችላሉ። የዶሮ እንቁላል አየሩ በማራገቢያ በሚዘዋወርበት ማስፈልፈያ 37.5 ዲግሪ ያህል ስለሚፈልግ፣ የአንድ ዲግሪ ስሕተት በእንቁላሉ ላይ ይታያል።

በመጀመሪያ የዜሮውን ነጥብ ይፈትሹ። በረዶውን ፈጭተው ፔርሙዙን ይሙሉት፤ ከዚያ ክፍተቱን ብቻ የሚሞላ ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ይጨምሩና ያማስሉ። ውኃው የሚያስፈልገው ከፍሪዘር የወጣ ደረቅ በረዶ ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ ሊወርድ ስለሚችል ነው፤ ዜሮን አጥብቆ የሚይዘው በረዶና ውኃ አብረው ሲኖሩ ነው። ሴንሰሩን ከመሐል ያንጠልጥሉት እንጂ ታች አያስነኩት፤ በረዶው ተንሳፎ ከታች ውኃ ብቻ ከቀረ፣ ወደ 4 ዲግሪ የሞቀው ውኃ ከሁሉም ስለሚከብድ እዚያው ይተኛል። አሥር ደቂቃ እያማሰሉ ቆይተው ቁጥሩን ይመዝግቡ። ባለሦስት እግሩ ሴንሰር በቀጥታ ውኃ መንካት ስለሌለበት በጓንት ጣት ውስጥ አስገብተው ያስሩት። ፍሪዘር የሌለው ሰው በክረምት ከሰማይ የወረደውን በረዶ ቶሎ ለቅሞ ቢጠቀም ያው ይሠራል።

ሁለተኛው ነጥብ የፈላ ውኃ እንዲሆን አልመክርም። ውኃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል አካባቢ ነው፤ ከፍታ ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይፈላል። 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ባሕር ዳር ወደ 94፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ ደግሞ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ስለዚህ 94 ያለው ሴንሰር እውነቱን ተናግሯል፤ እርሱን 100 እንዲል አርሞ ማስፈልፈያ ውስጥ መስቀል ግን እንቁላሉን ማበላሸት ነው። የበረዶው ነጥብ በከፍታ ምክንያት ይህ ነው የሚባል ለውጥ ስለማያሳይ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ዜሮ ዜሮ ነው።

በዚህ ፈንታ የሚሠሩበትን ሙቀት ይምረጡ። ለማስፈልፈያ ከሆነ 38 ዲግሪ ገደማ የሆነ ለብ ያለ ውኃ በፔርሙዝ ያዘጋጁ፤ ሴንሰሩን አስቀድመው ከትተው ቁጥሩ ሲረጋጋ የሰውነት ሙቀት መለኪያውን ጫፍ ከጎኑ ያስገቡ። መለኪያው ከፍተኛውን ቁጥር ይዞ ስለሚቀር ውኃው እየቀዘቀዘ ሳለ ብዙ አይቆዩ፤ ሲጮኽ ሁለቱንም ቁጥር በአንድ ጊዜ ይመዝግቡ። ሦስት ጊዜ ደጋግመው አማካዩን ይውሰዱ።

9. ልዩነቱን ያርሙ። ሴንሰሩ 38.4፣ መለኪያው 38.0 ካሉ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ቁጥሩ ከመታተሙ በፊት 0.4 ይቀንሱ። በዜሮና በ38 ላይ ያገኟቸው ልዩነቶች የማይመሳሰሉ ከሆነ ለሥራዎ የቀረበውን ይያዙ። ሁለቱም ከአንድ ዲግሪ በላይ ከሳቱ ግን ሴንሰሩን ማረም ትተው ይቀይሩት።

10. በቦታው ይትከሉት። ሴንሰሩን ከቦርዱ ቢያንስ አንድ ስንዝር ያርቁት፤ ቦርዱ ሲሠራ ስለሚሞቅ አጠገቡ ያለ ሴንሰር የቦርዱን ሙቀት እንጂ የክፍሉን አይነግርዎትም። በማስፈልፈያ ውስጥ ከእንቁላሉ አናት እኩል ይስቀሉት፤ ከአምፖሉ ፊት ለፊት ግን አይሁን። ብሬድቦርድ ለሙከራ እንጂ ለወራት አይደለም፤ ሽቦዎቹን በሶልደር በይደው እያንዳንዱን ለየብቻው በናስትሮ ይሸፍኑ። ሽቦውን ከጥቂት ሜትሮች በላይ የሚያረዝሙ ከሆነ የኔትወርክ ኬብል ይጠቀሙና ዳታውን ከግራውንድ ጋር በአንድ የተጠማዘዘ ጥንድ ያስኪዱ።

ኃይሉን ከሞባይል ቻርጀር መስጠት ይቻላል። መብራት ሄዶ ሲመለስ ፕሮግራሙ በራሱ ይጀምራል፤ እንደገና መጫን አያስፈልገውም። ፓወር ባንክ ግን ብዙዎቹ ቦርዱ የሚወስደውን ትንሽ ኃይል «ስልኩ ሞልቷል» ብለው ስለሚተረጉሙ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሳቸውን ያጠፋሉ።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስሕተቶች

-127፦ ይህ የሙቀት ልኬት አይደለም፤ ላይብረሪው ከሴንሰሩ መልስ ሲያጣ የሚያወጣው ምልክት ነው። በአዲሱ ሲምፕል ምሳሌ በቁጥሩ ፈንታ ማንበብ አልተቻለም የሚል የእንግሊዝኛ መልእክት ሊወጣ ይችላል። ወደ 4ኛው ደረጃ ተመልሰው ቮልቱን ይለኩ፤ 5 ከሆነ ዳታው በእርግጥ ፒን 2 ላይ መግባቱን ይመልከቱ። አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይ ከሆነ የላላ ጃምፐር ነው።

85፦ ሴንሰሩ ኃይል እንዳገኘ፣ ገና ምንም ሳይለካ በውስጡ ይዞት የሚነሣው ቁጥር ነው። አንድ ጊዜ መጀመሪያ ላይ ከታየ ይለፉት። እየተመላለሰ ከታየ ግን ወይ ፕሮግራሙ 750 ሚሊ ሰከንዱን ሳይጠብቅ እያነበበ ነው፣ ወይ የኃይሉ ሽቦ እየተቋረጠ ሴንሰሩ ደጋግሞ እየተነሣ ነው። የራሳቸውን ፕሮግራም የጻፉ ሰዎች ለሁለቱም ቁጥሮች መቆጣጠሪያ ማስገባት አለባቸው፤ አለበለዚያ -127ን እንደ ብርድ ቆጥሮ ማሞቂያውን ሳያቋርጥ የሚያበራ ሣጥን ይሠራሉ።

ቀዩን ሽቦ መተው፦ ሴንሰሩ በሁለት ሽቦ ብቻ፣ ኃይሉን ከዳታው እየሰረቀ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን አስመስለው የተሠሩት አንዳንዶቹ በዚህ መንገድ ፈጽሞ አይሠሩም። ሦስቱንም ያገናኙ።

ሁለትና ከዚያ በላይ ሴንሰሮችን ማምታታት፦ ሁሉንም በአንድ ፒንና በአንዲት ሬዚስተር ላይ ማገናኘት ይቻላል፤ እያንዳንዱ የራሱ ባለ64 ቢት ቁጥር አለውና። ነገር ግን ላይብረሪው 0፣ 1፣ 2 እያለ ተራ የሚሰጣቸው በዚያ ቁጥር እንጂ እርስዎ በሰቀሏቸው ቅደም ተከተል አይደለም። አንዱ ቢቋረጥ የኋለኞቹ ተራ ይለወጥና የላይኛው መደርደሪያ ሙቀት የታችኛው ተብሎ ይነበባል። ከመስቀልዎ በፊት አንድ በአንድ እየሰኩ የየራሳቸውን ቁጥር ያንብቡ፣ በሽቦው ላይ በወረቀት ለጥፈው ምልክት ያድርጉበት፣ በፕሮግራሙም በተራ ሳይሆን በዚሁ ቁጥር ይጥሯቸው። በ9ኛው ደረጃ ያገኙት ማረሚያም የየሴንሰሩ ስለሆነ የአንዱን ለሌላው አይጠቀሙበት።